የአየር ንብረት፣ ስደትና «ዘላን» የምትለው ቃል



ሱረቱ ቁረይሽን በቃሉ የማይዝ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። አጭር ስለሆነች ሶላት ላይ ቶሎ ቶሎ እንቀራታለን፤ ስለምን እንደምታወራ ግን ብዙ ጊዜ ቆም ብለን አናስብም። የምታወራው ስለ ጉዞ ነው። ቁረይሾች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በብርዱ አንዴ በበጋው ወራት ስለሚያደርጉት የንግድ ጉዞ፣ በእሱም ምክንያት አላህ (ሱ.ወ) ስለሰጣቸው ምግብና ሰላም ነው። የተፍሲር ዑለማዎች እንዳስረዱት የብርዱ ጉዞ ወደ የመን፣ የበጋው ደግሞ ወደ ሻም ነበር። (እግረ መንገዴን፦ እዚህ ላይ «ክረምት» ሲባል የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ትዝ የሚለው ካለ ይተወው። የመካ ብርድ ወራት የእኛ ታኅሣሥና ጥር ናቸው። የእኛ ክረምት ለእነሱ ድንጋይ የሚያግል በጋ ነው።)

ለምን ይጓዙ ነበር? ምድሩ ስለማያበቅል ነው። በምድር ወገብ አካባቢ የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱንም እዚያው በዝናብ መልክ ያራግፋል። ከዚያ የደረቀው አየር ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ሄዶ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ተመልሶ ይወርዳል። ሲወርድ ይሞቃል፤ የሚሞቅ አየር ደመና አይሠራም። ሰሃራ፣ የዐረቢያ በረሃ፣ በደቡብ በኩል ካላሃሪና የአውስትራሊያ በረሃዎች በዓለም ካርታ ላይ በሁለት ቀበቶ የተደረደሩት በዚህ ምክንያት ነው። መካ በሰሜናዊው ቀበቶ፣ 21 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። የዓመት ዝናቧ 150 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እሱም አንዳንዴ በአንድ ቀን ወርዶ ጎርፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1941 ጎርፍ ካዕባን ከቦ ሰው እየዋኘ ሲዞር የሚያሳየውን ፎቶ ብዙዎቻችን አይተነዋል። ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ቤተሰባቸውን ያኖሩበት ሸለቆ አዝመራ የሌለበት መሆኑን ቁርኣን ራሱ ይነግረናል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚበላው የሚንቀሳቀስ ሰው ነው።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ በዚህ ግቢ ያለን ሙስሊም ተማሪዎች በየዓመቱ ሙሐረም ሲገባ ስለ ሂጅራ ደርስ እንሰማለን፤ ሙሃጂሮቹን እናወድሳለን። በማግስቱ ግን ካፌ ወረፋ ያልጠበቀውን፣ ዶርም ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሳቀውን «ዘላን» ብለን እንሰድባለን። ያም ቃል ከአፋር ወይም ከሶማሌ ክልል የመጣ ወንድማችን እየሰማ ይነገራል። ባሕር አቋርጦ ሳዑዲ የሄደ የሰፈራችን ልጅ ሲነሳ ደግሞ «ገንዘብ ያሳበደው» ወይም «ኢማኑ የደከመ» እንላለን። ሁለቱም ስድቦች ምንጫቸው አንድ ነው እላለሁ፦ ሰው በቦታው መቀመጡን እንደ ጨዋነት፣ መንቀሳቀሱን እንደ ጉድለት ማየት። ይህ አመለካከት ከዲናችን የመጣ አይደለም። ከመሬቱ እውነታም ጋር አይገጥምም።

በሰው ጠባይና በአየር ንብረት መካከል ግንኙነት መፈለግ አዲስ ነገር አይደለም። ከታላላቆቻችን መካከል ኢብኑ ኸልዱን እ.ኤ.አ. በ1377 በጻፈው ሙቀዲማ ውስጥ ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። የዚያን ዘመን ሊቃውንት የሚኖርበትን ዓለም ከምድር ወገብ ጀምሮ ወደ ሰሜን በሰባት «ኢቅሊም» ይከፍሉ ነበር፤ አል-ኢድሪሲም እ.ኤ.አ. በ1154 ያጠናቀቀውን የዓለም ካርታ ያዘጋጀው በዚሁ አከፋፈል ነው። ኢብኑ ኸልዱን መካከለኞቹን ኢቅሊሞች ልከኛ፣ የዳር ዳሮቹን ከልክ ያለፉ አድርጎ አየ። የቆዳ ጥቁረት ከነቢዩ ኑሕ ልጅ እርግማን የመጣ ነው የሚለውን ወሬ ውድቅ አድርጎ ምክንያቱ የፀሐይ ሙቀት መሆኑን መጻፉ በዘመኑ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በዚያው ክፍል የሞቃት አገር ሰዎችን ጠባይና አእምሮ ዝቅ አድርጎ ጽፏል። ይህን የመሰለ ዓሊም ስለጻፈው ብቻ መቀበል የለብንም፤ ተሳስቷል። ስለ በደዊዎች የጻፈውን ያነበበ ደግሞ ይኸው ሰው ከከተሜው ይልቅ በረሃ ለበረሃ የሚጓዘውን ለመልካም ነገር የቀረበ አድርጎ እንደሚያስብ ያውቃል። «ዘላን» ለሚሉ ወዳጆቼ ያንን ክፍል እንዲያነቡ እጋብዛለሁ።

የኬክሮስ አከፋፈሉን ለማፍረስ ከአገራችን የተሻለ ማስረጃ የለም። ኢትዮጵያ በሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ኬክሮስ መካከል ናት። በአሮጌው ሒሳብ ሙሉ በሙሉ «የሚያቃጥል» አገር መሆን ነበረባት። ደብረ ብርሃን ኅዳር ላይ ያደረ ሰው ግን ይህን አይቀበልም። የእኛን አገር አየር ንብረት የሚወስነው ከፍታ ነው፤ በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ጂኦግራፊ ሳይማሩ አያቶቻችን በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው የከፈሉት ከየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ባልተናነሰ ትክክል ነው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስምጥ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት የዓመት አማካይ ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። አማካይ ነው የምለው፤ ሌሊቱም ብርዱም ተደምሮ። ራስ ዳሽን ደግሞ ከ4500 ሜትር በላይ ነው። በመካከላቸው ያለው የቀጥታ ርቀት ከ250 ኪሎ ሜትር አይበልጥም።

በእንዲህ ያለ አገር ሰው ሲንቀሳቀስ ወደ ሌላ የዓለም ክፍል መሄድ አያስፈልገውም፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሄድ ይበቃል። ባቲን የሚያውቅ ያውቃታል። ከወሎ ደጋ ወደ አፋር ሜዳ በሚወርደው አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ሰኞ ገበያ ላይ አፋሩ ግመሉን፣ ፍየሉን፣ ቅቤውን ይዞ ይወጣል፤ የደጋው ሰው እህሉን ይዞ ይወርዳል። አንዱ የሌለውን ሌላው ያመጣል። ዲናችን ወደ ውስጥ አገር የገባበት መንገድም ይኸው ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚነፍሰው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የዐረብ ጀልባዎችን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ይገፋል፤ ከሚያዝያ እስከ መስከረም የሚነፍሰው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ይመልሳቸዋል። ነጋዴው ነፋሱ እስኪዞር ወራት ይቀመጣል፤ ያገባል፣ መስጂድ ይሠራል። ዘይላ፣ ሞቃዲሾ፣ ዛንዚባርና ኪልዋ የእነዚህ ወራት ልጆች ናቸው። ከዘይላ ወደ ሐረርና ወደ ይፋት የወጣው ቅፍለት ጨርቁንና ጨውን ብቻ አላመጣም። ሁላችንም ዛሬ ሰጋጅ የሆንነው በመንገደኛ እጅ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነስቶ ወደ 1200 ኪሎ ሜትር ይጓዝና ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ለአፋር አርብቶ አደር የወንዙ ዳርቻ መጠባበቂያ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ከብቱን፣ ግመሉን፣ ፍየሉን ይዞ ወደ ሜዳው ይበተናል፤ ሜዳው ሲደርቅ ወንዙ ወዳጠጣው ሣር ይመለሳል። የትኛው ሣር መቼ እንደሚነካ፣ የትኛው እስከ መጨረሻው ድርቅ ድረስ እንደሚከለል በጎሳ ሕግ የተወሰነ ነው። ከውጭ ለሚያየው ሰው «ሲዞር የሚውል» ይመስላል። በውስጡ ግን የዝናብ፣ የሣርና የውሃ የቀን መቁጠሪያ አለ። ማን እስከ የት እንደሚደርስም ስምምነት አለ።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአዋሽ ዳር ሣር ለስኳርና ለጥጥ እርሻ ተሰጠ። እርሻዎቹ ዘመናዊ ነበሩ፤ የአገር ኢኮኖሚ ማሳያ ተብለው ይጎበኙ ነበር። ከዚያ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ዝናብ ጠፋ። አፋሩ እንደ አባቶቹ ወደ ወንዙ ተመለሰ፤ የደረሰው ግን ጥጥ ማሳ ላይ ነው። የወሎ ረሃብ ተብሎ በሚታወቀው በዚያ እልቂት ክፉኛ ከተጎዱት መካከል አፋሮች የሆኑት ለዚህ ነው። ድርቅ በአፋር ምድር ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ መጥቷል። በዚያ ዓመት የተለየው ነገር መንገዱ መዘጋቱ ነበር። እንቅስቃሴን እንደ ኋላ ቀርነት ያየ ሰው ሣሩን «ባዶ መሬት» ብሎ መጻፍ አይከብደውም። አንድ ቃል ከስድብነት አልፎ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያሳየናል።

ሌላው ጫፍ ደግሞ አለ። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ መንግሥት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ አንስቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ፤ ወደ ጋምቤላ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ወለጋና መተከል። በካርታ ላይ ነገሩ ቀላል ነበር፦ እዚያ ዝናብና ሰፊ መሬት አለ፣ እዚህ ሰው በዝቷል። ነገር ግን የደጋ ሰው ወባ ወዳለበት ቆላ ሲወርድ ሰውነቱ አያውቀውም፤ የደጋ በሬ የቆላ ዝንብ ባለበት ሲሠማራ ገንዲ ይጨርሰዋል። ብዙ ሰው አለቀ፤ ብዙው ደግሞ በእግሩ ተመለሰ። ሁለቱን ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጣቸው የሚታየኝ ይህ ነው፦ ሰውን የገደለው መንቀሳቀሱ ወይም አለመንቀሳቀሱ ብቻውን አይደለም። መሬቱን የሚያውቀው ሰው ሳይጠየቅ፣ መሬቱን የማያውቅ ሰው መወሰኑ ነው።

«አርብቶ አደሩ ካልሰፈረ ልጆቹ እንዴት ይማራሉ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ይፈልጋል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ጤና ጣቢያ ትፈልጋለች። ፈልጎ የሰፈረም ሊከበር ይገባዋል። ነገር ግን በአፋርና በሶማሌ ክልል ተንቀሳቃሽ ትምህርት ቤቶች ተሞክረዋል፤ መምህሩ ከሰፈሩ ጋር ይሄዳል። ትምህርት የሚገኘው ቤት ከተሠራበት ቦታ ብቻ ነው ብሎ የወሰነው ማነው? ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ አርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ደንግጓል። ይህን ማንሳት የፖለቲካ ጥያቄ አይደለም፤ በወረቀት ላይ ያለ ነው።

አየር ንብረቱም እየከበደ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በሶማሌ ክልልና በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። አንድ ወቅት ሲከሽፍ ሰው ራቅ ብሎ ሣር ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ሲከሽፍ ከብት ይሸጣል፤ ሦስተኛው ላይ የሚገዛ አይኖርም። አምስተኛው ላይ የቀረው ከተማ ዳር ያለ መጠለያ ነው። በዚያ ጊዜ ከዚህ ጀመዓ አንዳንድ ወንድሞቻችን ከቤት የሚላክላቸው ቆሞ እንደነበር የምናውቅ እናውቃለን። እነሱ ግን አላወሩትም።

ስለ ሳዑዲ መንገድም እንነጋገር። በነቢይነት 5ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 615 አካባቢ፣ ሰሃባዎች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ሹዐይባ ከሚባለው ወደብ በነጋዴ መርከብ ተሻግረው ነበር። የመካ ነጋዴዎች ሐበሻን በገበያነቷ ቀድመው ያውቋት ነበርና፣ ስደተኞቹ የተከተሉት የተጠረገ መንገድ ነው። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብና ባልደረቦቹ ከ10 ዓመት በላይ እዚህ ኖረው የተመለሱት በሂጅራ 7ኛው ዓመት ነው። ዛሬ ያው ባሕር በተቃራኒው አቅጣጫ ይሻገሩበታል። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከትግራይ የተነሳ ልጅ የአፋርን በረሃ በእግሩና በጭነት መኪና አቋርጦ ጅቡቲ ኦቦክ ይደርሳል፤ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከ138,000 በላይ ሰዎች ከአፍሪካ ቀንድ የመን መግባታቸውን መዝግቧል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ የእኛ አገር ልጆች ነበሩ። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ የተመለሱት ደግሞ ከ160,000 በላይ ነበሩ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት በየመንና በሳዑዲ ድንበር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን መገደላቸውን ዘግቧል።

ይህን ሁሉ እያወቀ ለምን ይሄዳል? ስግብግብ ስለሆነ ነው የሚለው መልስ ሰነፍ መልስ ነው። የወሎን ተራራ ተመልከቱ። ማሳው ከአባት ወደ ልጆች ሲከፋፈል አንድ ሄክታር ሳይሞላ ቆይቶ አሁን ለሦስተኛው ልጅ የሚደርሰው የለም። የበልግ ዝናብን ጠብቆ የሚያርስ ደጋ በልጉ ሲቀርበት ዓመቱ ተበላሸ ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የሚሄደው ከሁሉም የደኸየው አይደለም። ለደላላ የሚከፍል በሬ ወይም የሚያበድር ዘመድ ያለው ነው። ምንም የሌለው የሚደርሰው ከሁሉ ቅርብ ያለች ከተማ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 እስከ 2050 ድረስ 216 ሚሊዮን ሰው በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት ሊፈናቀል እንደሚችል ሲገምት፣ በየአገሩ ውስጥ ስለሚንቀሳቀሱት ነበር የሚያወራው።

«ታዲያ በሕገ ወጥ መንገድ መሄድን እየደገፍክ ነው?» ለሚለኝ፦ አይደለም። ነፍስን ለጥፋት መጣል ሐራም መሆኑን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ነገር ግን ንቀታችን እስከ ዛሬ አንድም ሰው ከኦቦክ ጀልባ ላይ አላወረደም። ሸሪዓችንን ብናስተውል ከእኛ ይልቅ ለመንገደኛ ቅርብ ነው። ለሙሳፊር ሶላት ያሳጥራል፤ ውሃ ላጣ ተየሙም ይፈቅዳል። ዘካ ላይ ዝናብ ያበቀለው እህል አንድ አሥረኛ ሲከፈልበት፣ በድካም ውሃ ተቀድቶ የበቀለው የዚያ ግማሽ ነው የሚከፈልበት፤ ዝናብ ያላገኘ ገበሬ ድካሙ ተቆጥሮለታል። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንቱ ወገኖች አንዱ ኢብኑ ሰቢል፣ መንገድ ላይ የቀረ ሰው ነው። አገሩ ላይ ሀብታም ቢሆን እንኳ ይሰጠዋል። እኛ ጋ ግን የጀመዓው ሰደቃ ሲከፋፈል ይህ ወገን ሲጠራ አልሰማሁም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ከሰደቃው ሣጥን የተወሰነው ለመንገደኛ ይለይ፦ ድርቅ ሲመጣ ወደ ቤቱ መመለሻ ላጣ ተማሪ፣ ከባሕር ማዶ ተመልሶ መናኸሪያ ለሚያድር ልጅ። ለክረምት እረፍት ከመበተናችን በፊት፣ ስደት ከበዛባቸው አካባቢዎች የመጣን ተሰብስበን ስለ ውጭ አገር ሥራ ስምሪት እንማር። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ምን እንደሚል፣ የቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪ የአሠሪው መሆኑን፣ በከፋላ ሥርዓት ውስጥ ፓስፖርት በአሠሪ እጅ ሲገባ ምን እንደሚከተል ይነገረን። የሰፈራችን እህቶች ለዚሁ ትኬት ለደላላ በሬ ሸጠው ሲከፍሉ እናያለን፤ እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባን ልጆች ይህችን ታህል እንኳ ካልነገርናቸው ማን ይነግራቸዋል?

«ዘላን» የምትለው ቃል ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ከመስጂዱ በረንዳም ከዶርማችንም ትውጣ። በእሷ ምትክ፣ ከሐሙስ ምሽት ደርሶች አንዱን የአፋርና የሶማሌ ወንድሞችና እህቶቻችን ይምሩት። ከብት ሳይሞት ድርቅ እንዴት እንደሚታለፍ፣ ዝናብ የት እንደጣለ በምን እንደሚታወቅ፣ ጉድጓድ የማን እንደሆነና እንግዳ ሲመጣ ማን ቀድሞ እንደሚያጠጣ ይንገሩን። ኮሚቴው ከተስማማ የመጀመሪያው ደርስ ከሚድ ፈተና በኋላ ባለው ሐሙስ ከዒሻ በኋላ ሊሆን ይችላል። ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ኑ፤ ግመል ስንት ቀን ያለ ውሃ ይቆያል ከሚለው ያለፈ ይሁን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።